ሦስቱ ውስንነቶች

በምርምር ቢሮው ሃያ ዓመት ሙሉ የጥናት ጽሑፍ ስታርም የኖረችውን ሴት ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ገለባ አታሳልፍማ!

ዘንድሮ አለቃዋ የውስንነት ክፍሉን፣ ተመራማሪው «ይህን አላየሁም፤ እዚህ ላይ ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ የሚናዘዝበትን ገጽ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላስጽፍ ብሎ ተነሣ። ለማሽኑ የሚሰጠውን መመሪያ ራሱ ጻፈና «እስቲ ገምግሚው» ብሎ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለላት።

«ሁልጊዜ ሦስት ውስንነት ጻፍ። በትሕትና ይሁን። ውጤቱን የሚያጠራጥር ነገር እንዳትነካ» ይላል መመሪያው።

ደሟ ፈላ። «ይሄ ደግሞ ኑዛዜ ነው? ሜካፕ ነው እንጂ!» አለች ብቻዋን። ጥርሷን ነክሳ መመሪያውን ለማሽኑ ሰጠችው፤ ጥናቱ በሚገባበት ቦታ ግን አንዲት ፊደል ያልሰፈረበት ባዶ ገጽ አስገባች። ማሽኑም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ደረደረው፦ የናሙና ማነስ፣ የጊዜ እጥረት፣ የአንዳንድ መላሾች ፈቃደኛ አለመሆን።

ማሽኑ የጻፈውን አትማ፣ ከባዶው ገጽ ጋር ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች። ቁጭ ሳትል የተጻፈበትን ዘረጋችለት። መነጽሩን አስተካክሎ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ ፊቱ በራ።

«አላልኩሽም! ከእኔው የመመረቂያ ጽሑፍ ጋር እኮ ቁርጥ አንድ ነው። አንቺ መቼም ነቀፋ አታጪም፤ እሺ፣ አሁን ይሄ ምን ጎደለው?»

«ጥናቱ» አለችና ባዶውን ገጽ ከላዩ ላይ አስቀመጠችለት።