ጓሳ ሳይከፈት ማጭድ ማንሳት

የቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ዝም ብሎ አይታጨድም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ተከፍቷል» እስኪሉ ድረስ ቤቱ የሚያፈስበት ሰው እንኳ ማጭዱን አያነሳም። እኔ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ፣ የየትኛው አጥቢያ የማጨጃ ቀን መቼ እንደሆነ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ሠራሁ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። በስብሰባው መሀል ስልኩን ከፍ አድርገው «የልጄ ሥራ ነው!» አሉ።

የቀኖቹን ገጽ ሲነኩት መተግበሪያው ጥፍት አለ። ደግመው ነኩት፤ ጥፍት። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። አባቴም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ይኼ እንኳ ከከተማ የመጣ ዕቃ ነው» አይሉ መሰላችሁ! እዚያው ቆሜ እየሰማኋቸው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለእሑድ ተቀጠርን፤ ያን ቀንም እንቢ ካለ ነገሩ ይቀራል ተባለ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ስከፍት «ባይንዲንጉ ገና አልተዘጋጀም» የሚል ስህተት በቀይ ተጽፏል። ባይንዲንግ የሚባለው ኮዱን ገጹ ላይ ካሉት የጽሑፍ ቦታዎች ጋር የሚያያይዘው ነው። አዘጋጅቼዋለሁ እኮ፤ በዓይኔ በብረቱ እያየሁት! ስነቅል ስተክል ዋልኩ።

ማኩረፌ ከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ አባቴ በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እስቲ ይኼ ነገርሽ ከመጀመሪያው ምን ምን እንደሚሠራ ንገሪኝ።»

እየተነጫነጭኩ ከላይ ወደ ታች አነበብኩላቸው። «መጀመሪያ የአጥቢያዎቹን ስም ገጹ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ባይንዲንጉን ያዘጋጃል...»

«ቆይ ቆይ። ሳያዘጋጅ በምን ላይ ይጽፋል? ጓሳ ሳይከፈት ማጭድ ያነሳ ሰው ምን ይሆናል?»

«ይቀጣል።»

«ታዲያስ!»

ወይ እኔ! ስም የሚጽፈውን መስመር ስቸኩል ከላይ የሰካሁት ራሴ ነኝ። ከባይንዲንጉ በታች አወረድኩት። አንድ መስመር ብቻ! ገጹ ተከፈተ፤ ጮኼ አባቴን አቀፍኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ በሽማግሌዎቹ ፊት ገጹን ነኩት። የየአጥቢያው ቀን ወለል ብሎ ታየ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ከከተማ የመጣው ዕቃ ዳነ እንዴ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«የምን ከተማ! የልጄ ሥራ ነው!»

ደስ ቢለኝም ቂሜ አልወጣልኝም ነበርና ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ደግሞ ቢጠፋስ?» አልኳቸው።

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። ሁሉም እየሰማቸው «ቢጠፋም የልጄ ነው» አሉ።