ሎሚት የተመለሰችበት ገጽ

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲያችን በር ፊት ለፊት ቆሎ ስገዛ ሻጭዋ በወረቀት ጥቅል ሰጠችኝ። አሁን ቆሎ የሚሸጠው በትንንሽ ፌስታል ስለሆነ ጥቅሉን ሳይ ገርሞኝ መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቆሎውን ቶሎ ቶሎ በልቼ ወረቀቱን ፈታሁት፤ ከአንድ የሂሳብ መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነበር። ጥያቄዎቹ እንዳሉ ናቸው፣ መልሶቹ ግን ከሌላ ጥቅል ጋር ሌላ ሰው ይዟቸው ሄዷል። የተቆላ ሽምብራና የሱፍ ሽታ የገባበትን ያንን ወረቀት ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የመጣብኝ የሂሳብ ትምህርት ሳይሆን አባቴ ነው።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነበር። ባቡሩ ማለፉን እየተወ የመጣበት ጊዜ ስለነበር ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ይተኙበታል፣ እናቶች ደግሞ ዳር ዳሩን በርበሬ ያሰጡበታል። አባቴ ክር ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ሲገባ ቅንድቡና ፀጉሩ በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ታናሽ ወንድሜ ናቲ አባታችን በየሌሊቱ አርጅቶ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ እንደገና ወጣት የሚሆን ይመስለው ነበር። እናቴ ቤይሩት ነበረች። የሄደችው እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ነው፤ ናቲ ያኔ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ተብለናል፤ ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

መጽሐፉን አባቴ ያገኘው እሷ በሄደች ሰሞን ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ፣ ጠያቂዎች ስንቅ ይዘው ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ ሲጠብቅ፣ አንዲት ቆሎ ሻጭ ከልጆች መጽሐፍ ገጽ እየገነጠለች ስትጠቀልል ያያል። ሽፋኑ ላይ ያለችውን አህያ አይቶ ቆሎውን ትቶ መጽሐፉን ገዛው። ይህንን ታሪክ ደጋግሞ ሲያወራልን "ትንሽ ብዘገይ ኖሮ ሎሚት በቆሎ ታልቅ ነበር" ይለን ነበር። እሱ ከመድረሱ በፊት ስንት ገጽ ቆሎ ተጠቅልሎበት እንደሄደ ግን አልነገረንም።

ሎሚት የአህያዋ ስም ነው። ጌታዋ አያ ደስታ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው፤ ወደ ወፍጮ ቤትም ሆነ ወደ ገበያ የምትመራቸው እሷ ናት። በየምዕራፉ አንድ ሰው "መንገዱን ማን ያሳይዎታል?" ይላቸዋል፣ እሳቸውም "ሎሚት መንገድ አትረሳም" ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ድርቅ ይመጣል። አያ ደስታ የሚበሉት ሲያጡ ሎሚትን ከሩቅ አገር ለመጣ ነጋዴ ይሸጧታል። ነጋዴው እየነዳት ሲሄድ ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ቆመው የኮቴዋን ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ያዳምጣሉ።

አባቴ የሚያነብልን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ለፈረቃው ከመውጣቱ በፊት። እኔና ናቲ አልጋው ላይ እንቀመጣለን፣ እሱ በርጩማው ላይ ፊት ለፊታችን ይሆናል። የሽማግሌውን ድምፅ ያወፍራል፣ የነጋዴውን በአፍንጫው ያወጣዋል፣ ሎሚትን ሲሆን ግን አንገቱን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ እውነተኛ የአህያ ጩኸት ይጮኽና መጨረሻው ላይ ለረጅም ጊዜ ይስላል። ናቲ ሳሉን የጩኸቱ ክፍል አድርጎት ነበር። አባታችን ሳይስል የጮኸ ቀን "አልጨረስክም" ይለዋል።

ነጋዴው ሎሚትን ይዞ ከሄደ በኋላ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ገጽ ገልጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል። ሎሚት ከነጋዴው ቤት አምልጣ ተራራውንና በረሃውን አቋርጣ ትመጣለች። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ልክ እኛ በምናነብበት ሰዓት፣ የአያ ደስታን በር በግንባሯ ገፋ ታደርገዋለች። እሳቸውም ጆሮዋን ዳብሰው "ዘገየሽ" ይሏታል። እዚህ ስንደርስ ናቲ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

"እማዬም ከሰዓት ነው የምትመጣው?"

አባቴም "ከሰዓት ነው" ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ስለዚህ ናቲ ከሰዓት ከሰዓት ከግቢው በር ብዙ አይርቅም ነበር።

በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበራቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ ባለቤታቸው አይሱዙ የሚነዳ፣ ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ እስከገባ ድረስ ማንንም የማያስወጡ ሴት ነበሩ። የእኛም የበዓል ፕሮግራም የሚታየው እሳቸው ቤት ነው። እናታችን በሌለችበት በሁለተኛው ፋሲካ፣ ምሳ ከበላን በኋላ የግቢው ልጆች በሙሉ ምንጣፋቸው ላይ ተደርድረን ስናይ፣ አስተዋዋቂው አሁን የምናየው ጭውውት ሁላችንም ከምንወደው የልጆች መጽሐፍ የተወሰደ ነው አለ፤ ሎሚትንም በስሟ ጠራት። ናቲ ስሟን ሲሰማ ተነስቶ ቆመ። እኔም የቤታችን ሰው በቴሌቪዥን የተጠራ ያህል ኮራሁ።

አንድ ወፍራም ተዋናይ የካርቶን ጆሮ አድርጎ ብቅ አለ። ሎሚት የታክሲ ረዳት ሆናለች። በታክሲ በር ላይ ተንጠልጥላ "ቃሊቲ፣ ቃሊቲ፣ የሞላ!" እያለች ትጣራለች፤ አያ ደስታ ተሳፍረው ከከፈሉት ላይ መልሳቸውን ሲጠይቁም ረዳቱ ወደ እኛ ዞሮ "ሎሚት መንገድ አትረሳም፣ መልስ ግን ትረሳለች" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘይነባ "ወላሂ የኛ መስመር ረዳት ነው" እያሉ በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬም ድረስ የሚከብደኝ ይኸው ነው፤ ጭውውቱ በእርግጥ ያስቅ ነበር፣ ጆሮውን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ እንኳ ሎሚትን በደንብ የሚወድ ሰው ካልሆነ የማያስበው ነበር።

አባቴ እኛን ሊወስደን መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መጨረሻው ላይ አያ ደስታን የሆነው ተዋናይ ከደጃፉ ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ፣ "መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ፤ አትመጣም። በሩን ዝጉልኝ፣ ብርድ ገባ" አለ። ሁሉም እንደገና ሳቀ። ናቲ ብቻ ወደ በሩ ዞረ።

"አባዬ፣ ሎሚት አልመጣችም እንዴ?"

"እነሱ ሲያነቡ ዘለውታል" አለ አባቴ።

ከኋላችን የተቀመጠ ትልቅ ልጅ "የምን መዝለል ነው፣ ትምህርት ቤት አንብበነዋል፣ አትመጣም" አለና እንደገና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያወቀውን ነው የተናገረው። እትዬ ዘይነባ የአባቴን ፊት አይተው ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረጉና ናቲን ጠሩት። "አብሽር የኔ ልጅ፣ ና ቴምር ብላ" አሉት። ናቲ ቴምሩን ተቀበለ፣ ግን አልበላውም።

ወደ ቤት ስንሄድ "እማዬንስ ነጋዴው አስቀርቷታል?" ብሎ ጠየቀ። አባቴ "እማዬ እኮ አህያ አይደለችም፣ ስልክ አላት" ብሎ ሊያስቀው ሞከረ። ናቲ አልሳቀም። በማግስቱ ከሰዓት አባቴ መጽሐፉን ሲያወርድ ናቲ ኳስ ልጫወት ብሎ ወጣ፤ በበነጋውም እንዲሁ። አባቴ ጥቂት ቀን እያወረደ፣ ለብቻው እያገላበጠ፣ መልሶ ቁም ሳጥኑ ላይ ያስቀምጠው ነበር፤ በኋላ ማውረዱንም ተወው።

እኔ ያኔ ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ። እሱ ተኝቶ ሳለ መጽሐፉን አውርጄ የመጨረሻዎቹን ገጾች ፈለግሁ። ነጋዴው ሎሚትን ከነዳት በኋላ ያሉት ገጾች የመጽሐፉ አልነበሩም፤ የክር ጥቅልሎች የሚታሸጉበት የፋብሪካው ቡናማ ወረቀት ነው፤ በልኩ ተቆርጦ፣ በነጭ የጥጥ ክር በጥንቃቄ ከጀርባው ጋር ተሰፍቷል። አንድም ፊደል አልነበረበትም። አባቴ በእነዚያ ሁሉ ከሰዓቶች ባዶ ወረቀት እየገለጠ ነበር ያነበበልን፤ አንድም ቀን ቃል አላፋለሰም። መጽሐፉን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ለእሱም ለናቲም አልነገርኩም።

የእናቴ ሁለት ዓመት ተራዘመ፣ እንደገናም ተራዘመ። በእትዬ ዘይነባ ስልክ ስትደውል ናቲ "ደህና ነኝ" ብሎ ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። የአባቴ ሳል እየበረታ ሄዶ ፈረቃውን አስተወው፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁም ሞተ። እናቴ ለቀብሩ አልደረሰችም። የመጣችው ከዓመት በኋላ ነው፤ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛ፣ ፊቷ ቀጥኖ። "ዘገየሽ" የሚላት ሰው አልነበረም። ናቲ እንደ እንግዳ እጇን ጨብጦ ሻንጣውን አስገባላት። ከዚያ ወዲህ የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በራችን ብረት ስለሆነ በግንባር ቢገፉትም አይከፈትም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያ ጭውውት በሰው ሁሉ ስልክ ላይ ሆኖ ጠበቀኝ። የዶርሜ ልጆች ሲከፋቸው እሱን ነው የሚያዩት። አንዷ መጽሐፉን ያነበበችው ጭውውቱን ወድዳ መሆኑን ነገረችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ልጅ ሆና ለሎሚት ስታለቅስ ወንድሞቿ በዚያ ቀልድ ያበሽቋት ስለነበር እስከ ዛሬ ተዋናዩን አትወደውም። እኔ ከየትኛዋ ወገን እንደሆንኩ አላውቅም። ሳየው እስቃለሁ፣ ሲያልቅ ግን ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሙሉውን መጽሐፍ ያገኘሁት በዚህ ሰሞን ነው። ቆሜ መጨረሻውን አነበብኩ። ሎሚት ትመጣለች አይልም፤ አትመጣምም አይልም። ሽማግሌው በየቀኑ የጎረቤት ልጅ እየጠሩ "በሩ ክፍት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ልጁም "ክፍት ነው" ይላል፤ በዚሁ ያልቃል። ቴሌቪዥኑ በሩን ዘጋው፤ አባቴ መጨረሻውን ቢያነብ ኖሮ በሩን ክፍት ሆኖ ባገኘው ነበር፤ ያንን ገጽ ግን አንድም ቀን አላየውም።

ቅዳሜ መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ ቤት ስገባ ናቲና እናቴ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ጭውውቱን ያያሉ። እናቴ ከተመለሰች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ስታበቃ ዓይኗን ጠርጋ "አሁን እውነት አልመጣችም?" አለች፤ መጽሐፉን የማታውቀው ከመካከላችን እሷ ብቻ ናት።

ናቲ ስልኩን አጠፋው። "መጥታለች" አላት። "አባዬ አንብቦልናል።"

ቦርሳዬን ሳልከፍት አስቀመጥኩት። ናቲ ቁም ሳጥኑ ላይ ካለው ዕቃ ስር የአባታችንን አሮጌ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጣት። እናቴ ቡናማዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ገለጠቻቸው፤ ምንም የለባቸውም አላለችም፤ ስፌቱን በጣቷ ስትከተል ቆየች። ከዚያ አባታችን አህያዋን እንዴት ያደርጋት እንደነበር ጠየቀችን። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። ናቲ አንገቱን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ዘርግቶ ጮኸ፤ መጨረሻው ላይም ረጅም ሳል ሳለ።

እናቴ ደንግጣ "ምነው ልጄ፣ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?" አለችው።

"አይ" አላት ናቲ። "ሎሚት እንደዚህ ነው የምትጮኸው።"