አምፖል የሌለው በላተኛ

መቱ ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ የመብራት ሒሳብ የምንከፍለው በአምፖል ቁጥር ነበር። ቢሉ ሲመጣ አከራያችን እትዬ መጥረጊያቸውን ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ በእጀታው ወደ ኮርኒሱ እየጠቆሙ አምፖል ይቆጥራሉ። የእሳቸው ቤት አራት አለው፣ ከጎኔ የተከራየው የስልጤ ባለሱቅ ሁለት፣ እኔ አንድ። ሶኬት አይቆጠርም። ባለሱቁ ፍሪጅ ቢኖረው፣ እሳቸው በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲያበስሉ ቢውሉ፣ ካላበራ አልበላም ነው ፍርዱ። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ካውያዬንና ቴሌቪዥኔን በአንዲት አምፖል ስም ስጠቀም ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ይሄ ነገር ትክክል አይደለም ብዬ አላውቅም።

ነገር የመጣው የመሥሪያ ቤት ሥራዬን ለቅቄ ቤት ውስጥ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ማፍላት የጀመርኩ ክረምት ነው። የኢሉባቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰማዩ ጣሪያ ላይ ተኝቶ ይከርማል፤ ደጅ የተዘራ ችግኝ ፀሐይ ፍለጋ እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝምና ከወገቡ ታጥፎ ይወድቃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ዝናቡ እስኪቀንስ ይጠብቃል። እስከዚያ ቲማቲም በጭነት መኪና ከሩቅ እየመጣ፣ ግማሹ መንገድ ላይ እየፈረጠ፣ በወርቅ ዋጋ ይሸጥልናል። እኔ ያሰብኩት ቀላል ነበር፤ ሐምሌ ላይ በመብራት ካፈላሁ፣ ሌላው መስከረም ላይ ዘር ሲፈልግ እኔ የደረሰ ችግኝ እሸጣለሁ። በቁጠባዬ ከአዲስ አበባ ለተክል የተሠሩ ስድስት መብራቶች አስመጣሁ፣ መደርደሪያ አሠራሁ፣ ከጎሬና ከያዮ አትክልተኞች ትእዛዝ ተቀበልኩ።

እናቴ በልጅነቷ ከወሎ በሰፈራ መጥታ ያዮ አካባቢ የቀረች ገበሬ ናት። ደመወዝ ጥዬ ቲማቲም ማሳደግ መጀመሬን ስትሰማ አልተቆጣችም። ካልሆነልሽ ቤቴ አለልሽ፣ ትመጫለሽ፣ ብቻ አለችኝ። ከስድብ ሁሉ ያ ባሰብኝ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ሻንጣ ይዤ እናቴ ደጅ ላለመቆም የቀሩኝ እነዚያ ችግኞች ብቻ ነበሩ።

አጀማመሩ ግን አማረልኝ። ዘሩን በሳጥን ዘርቼ፣ ከድሮው የሻወር ቤት ጀርባ፣ ዶሮዎቹ ሁልጊዜ ከሚተኙበት ግድግዳ ሥር ደረደርኩት። ጣሪያው ሰፊ ስለሆነ ዝናብ አይደርስበትም። እሽጉ ላይ ከአሥር ቀን በላይ ይፈጃል የሚለው ዘር በአምስተኛው ቀን ብቅ አለ። ለጠየቀኝ ሁሉ የአፈር ቅይጤ ምሥጢር ነው እያልኩ ጉራዬን ነፋሁ። ከዚያ ቡቃያውን ቤት ውስጥ መደርደሪያው ላይ ወዳሉ ሌሎች ሳጥኖች አዛውሬ መብራቱን አበራሁበት፤ የተዘራባቸው ሳጥኖች ባዷቸውን እዚያው ግድግዳ ሥር ቀሩ።

መብራቶቹ ሐምራዊ ነበሩ። በዝናባማ ከሰዓት መስኮቴ ሲፈካ ከመንገድ ይታያል፤ ቀለም ያለው መብራት ምን ዓይነት ቤት ላይ እንደሚሰቀል ደግሞ የማያውቅ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሾፌር በሬን አንኳክቶ ቀዝቃዛ ቢራ አዘዘኝ። ያለው ቲማቲም ብቻ ነው ስለው መደርደሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። እኔ ሳቅሁ፤ አከራያችን ግን አልሳቁም፤ በማግስቱ ወፍራም መጋረጃ ገዝተው አመጡልኝ።

ወሩ ሲያልቅ መጥረጊያው መጣ። ወደ ኮርኒሱ፣ ከዚያ ወደ መደርደሪያው እየጠቆሙ ቆጥረው ሰባት አሉ። ከግቢው አሥራ ሦስት አምፖል ሰባቱ የእኔ ሆኑ፤ ከቢሉ ከግማሽ በላይ ልከፍል ነው። ስድስቱ መብራቶች ተደምረው የምድጃቸውን ሩብ እንኳ እንደማይበሉ ካርቶኑን እያሳየሁ አስረዳሁ። አልሰሙኝም። ቢሉ ከሁለት ዓመት ወዲህ አናታቸው ላይ ወጥቷል፤ እሳቸው ለመቆጠብ ብለው የገላ ውሃቸውን በከሰል እያሞቁ እኔ ለቲማቲም ስድስት አምፖል አበራለሁ። እስከ ቅዳሜ ወይ ልክፈል ወይ ላውርድ፣ አሉኝ። አፌ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውምና ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ችግኞቹ ገና ለጋ ነበሩ፤ በዚያ ደመና መብራቱ ቢቋረጥባቸው ሳምንት አይቆዩም።

ሽማግሌ እንጥራ ያለው ባለሱቁ ነው። ያመጣቸውም ጎረቤታችንን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎሬ ቡና መጋዘን ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡትን ሰውዬ ነው። ሰፈሩ ጋሼ ሚዛን ይላቸዋል። አከራያችንም ወዲያው እሺ አሉ፤ እኔን የማያምን ሰው ቢበዛም የእሳቸውን ሚዛን የሚጠራጠር አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቆጣሪው ሥር ተሰበሰብን። አሮጌ ቆጣሪ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ጠርዟ ላይ ምልክት ያላት ሳህን ትሽከረከራለች። ጋሼ ሚዛን ክርክራችንን ሰምተው ሲያበቁ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ፣ አሉና ወደ ቆጣሪው ዞሩ፤ ሲናገሩ ኦሮምኛ ይቀላቅላሉ።

"ዱራ፣ መጀመሪያ፣ ባዶውን እንየው። ሳይጫንበት በሚንቀሳቀስ ሚዛን ምንም አይመዘንም።"

ሁላችንም አጠፋን። ባለሱቁ ፍሪጁን ነቀለ፣ አከራያችን ምድጃቸውን። እኔም መብራቶቼን አጠፋሁ፤ ችግኞቹ ጨለማ ውስጥ ቀሩ። ግቢው ጭር አለ። ሳህኗ ግን አልቆመችም፤ እንዲያውም ትሮጣለች።

ሁሉም እኔን አዩ። በሬን በርግጄ ከፈትኩ፤ ጋሼ ሚዛን ገብተው መደርደሪያውን እስከ ሥሩ ፈተሹና ባዶ እጃቸውን ወጡ። ባለሱቁ ሳይጠየቅ ወላሂ ብሎ ማለ። ጋሼ ሚዛን ግን ከቆጣሪው የሚወጣውን ገመድ በከዘራቸው እየተከተሉ ግድግዳ ግድግዳውን ሄዱ። ገመዱ ድሮ ሻወር ወደነበረው፣ አሁን ከሰልና ሽንኩርት ወደሚቀመጥበት ክፍል ገባ። ከማዳበሪያ ጆንያዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ ነጭ በርሜል ተሰቅሏል። እጃቸውን አስነክተው ወዲያው ሰበሰቡት።

የውሃ ማሞቂያ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የአከራያችን ልጅ ለመውለድ እናቷ ቤት ስትመጣ ለአራሷ ገላ ተብሎ የተገጠመ። ልጅቱ አራስነቷን ጨርሳ ወደ ባሏ ስትመለስ የሻወሩ መክፈቻ ተሰበረ፣ ክፍሉ የዕቃ ማስቀመጫ ሆነ፣ ማጥፊያው በጆንያ ተሸፈነ። በርሜሉ ከሥሩ ተሰንጥቆ የፈላውን ውሃ በግድግዳው በኩል ቀስ እያለ ሲያፈስ፣ በምትኩ ቀዝቃዛ እየሳበ ሲያሞቅ፣ ቀንም ሌትም ሁለት ዓመት ኖሯል። አምፖል ስለሌለው መጥረጊያው ቆጥሮት አያውቅም።

ጋሼ ሚዛን ማጥፊያውን ተጫኑት። ባለሱቁ ከቆጣሪው ዘንድ ቆመች ብሎ ጮኸ። ከዚያ የእኔን ስድስቱን ብቻ እንዳበራ ታዘዝኩ። ሳህኗ አንዴ እስክትዞር ጋሼ ሚዛን መነጽራቸውን አውልቀው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። ምድጃው ሲሰካ ግን ምልክቷን በዓይን መከተል አቃተን።

አሸነፍኩ። ከመሥሪያ ቤት ስለቅ የሳቁብኝን ሁሉ በአንድ ጠዋት የረታሁ መሰለኝ፤ መዝለል ነበር የቀረኝ። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዞር ስል አከራያችን የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያቺ መጥረጊያ ጭናቸው ላይ።

"ሁለት ዓመት" አሉ። "እኔ በከሰል እየታጠብኩ።"

ተረቱን ዋጥኩት። ይህን ጊዜ ጋሼ ሚዛን ውሃው የት እንደሚፈስ ለማየት ወደ ጀርባ ዞሩ፤ እኛም ተከተልን። ግድግዳው ሥር ዶሮዎቹ እንደልማዳቸው ክንፋቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። አጠገባቸው የእኔ ባዶ የዘር ሳጥኖች ተደርድረዋል። ያኔ ገባኝ። በአምስት ቀን ያበቀለው የአፈር ቅይጤ አልነበረም። ግድግዳው እንደሚሞቅ እጄ ያውቅ ነበር፤ ለምን እንደሚሞቅ ግን ጠይቄ አላውቅም፣ ስለተመቸኝ። ሳጥኖቹን ልብ ያላቸው ሰው አልነበረምና ዝም ብል ያልፍ ነበር። ግን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

"እትዬ፣" አልኩ፣ "ዘሬን ያበቀለው የእርስዎ ማሞቂያ ነው። ከእርስዎ ቢል እኔም በልቻለሁ።"

ዶሮዎቹን አዩ፣ ሳጥኖቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፤ እየሳቁ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ዺሲ፣ ተይው" አሉኝ፣ "ዶሮዎቹም እኮ አልከፈሉ።" ጋሼ ሚዛን ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ከእንግዲህ አምፖል አይቆጠርም፣ እያንዳንዱ ቤት ሳህኗን በሚያዞረው ልክ ይከፍላል፤ እኔ ደግሞ ለሙቀቱ ካሳ በአከራያችን ጓሮ አንድ መደብ ቲማቲም እተክልላቸዋለሁ።

የሚቀጥለው ቢል በጣም ቀንሶ ሲመጣ አከራያችን የጎደለ ነገር ያለ መስሏቸው ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩ። መስከረም ሲጠባ ችግኞቼ አንገታቸው እንደ እርሳስ ወፍሮ፣ ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ነበር። የጎሬውን ትእዛዝ በሚኒባስ፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ጭኜ፣ ሁለቱን ሳጥን ደግሞ ተሳፋሪዎች ጭን ላይ አስቀምጬ አደረስኩ። የያዮዎቹ ራሳቸው መጡ፤ ከመካከላቸው አንዷ እናቴ ነበረች። ሃያ ችግኝ አንድ በአንድ ሥራቸውን እያየች መረጠች። በነፃ ውሰጂ ስላት እንቢ ብላ ሙሉውን ከፈለች፤ እኔም አልመለስኩላትም። ሳጥኑን አቅፋ ከበሩ ስትወጣ ቆም አለች።

"እንግዲህ አትመጪም" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርታ አይቻት አላውቅም፤ እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

በዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ዘሬን ይዤ የት ላብቅለው እያልኩ ስጨነቅ አከራያችን ጠሩኝ። ማሞቂያውን አስጠግነው፣ ጆንያዎቹን አውጥተው፣ ክፍሉን ጠርገው ጠበቁኝ። ለአምስት ቀን ብቻ ይበራል፣ ዘሩ ብቅ ሲል ይጠፋል አሉኝ። ከበሩ በላይ አንዲት ትንሽ ቀይ አምፖል አሰቅለዋል፤ ማሞቂያው ሲሠራ አብራ የምትበራ፣ ሲጠፋ የምትጠፋ። መጥረጊያቸውን አንስተው በእጀታው ጠቆሟት።

"ይህቺን ግን በእኔ ቁጠሪያት" አሉ።