ገመድ የታሰረበት ቡና

ከባለቤቴ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ነገር የወፍ ጎጆ መጠበቅ ነው። ጅሬን ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ጎጆው ካለበት የቡና ዛፍ ትይዩ ሁለት ዱካ አስቀምጠን ነበር። ወፏ ትንሽ ናት፤ ግራጫ፣ ዓይኗን ነጣ ያለ ቀለበት የከበበው። ጎረቤቶቻችን እንደ ማንኛዋም ወፍ በኦሮምኛ «ሲምቢሮ» ብቻ ይሏታል። እሱ ግን ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ነውና፣ ልጆቿን እንዴት እንደምታሳድግ ብዙ አልተጻፈም እያለ ያየውን ሁሉ በደብተር ይይዝ ነበር።

«ወንዱ የቱ ነው?» አልኩት።

«አላውቅም። መልካቸው አንድ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጽፋለህ?»

«ሁለቱም መጡ፣ ሁለቱም አበሉ ብዬ።»

«ሰው ቢያየን፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ለወፍ ዘበኛ ገቡ ይለናል።»

«ይበል። አንቺ ብቻ እግርሽን አታንቀሳቅሺ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልቡ ቀጥ አለ።

የእድራችን ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። የፊት ግቢው ስለጠበባቸው ወደ ጓሮ ዘለቁ። አንደኛው ፍራሽ ላይ ወደ ተቀመጥኩበት ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ገመዱን እዚያች ቡና ላይ ልናስር ነው። አንዷ ቅርንጫፍ ሸራውን እየያዘች አስቸገረችን፤ ብንቆርጣት ይፈቅዱልናል?» አለኝ።

የትኛዋ እንደሆነች አውቄያለሁ። ጎጆውን ከላይ የምትከልለው ናት። «ተው፣ ጫጩቶች አሉ» ማለት ነበረብኝ። ባሏ ሞቶ ስለ ወፍ ታወራለች እንዳልባል ፈራሁና ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

ከለቀስተኛው መሀል ሆኜ ወፎቹን በመስኮት አያቸው ነበር። ሁለቱም በአፋቸው ትል ይዘው ገመዱ ላይ ያርፋሉ። ወደ ጎጆው ሊወርዱ ሲሉ ከሥር አንድ ሰው ይነሣል፤ ተመልሰው ይበራሉ። ያን ጊዜም አልረፈደም ነበር። ከዚያ ፈቀቅ በሉ ብል ማን እምቢ ይለኛል? አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ሄጄ አየሁ። ጫጩቶቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀዋል።

እኔ ሞቼ እሱ ቢተርፍ ኖሮ፣ ለእኔ ሊያለቅስ የመጣውን ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ያስነሣው ነበር። ሰው ምን ይለኛል አይልም። ለእሱ ላደርግለት የምችለው አንድ ነገር ያ ነበር፤ ያንንም በይሉኝታ ተውኩት።

አሁን በእድራችን ሰው ሲሞት ከድንኳኑ ቀድሜ እደርሳለሁ። የግቢውን ዛፎች አንድ በአንድ አያለሁ። ጎጆ ካገኘሁ፣ ገመዱን ሌላ ቦታ እንዲያስሩ እነግራቸዋለሁ።