በልብስ መቀስ የተቆረጠው ሚሞሪ

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ «መቀሱ» ይለዋል። ሲም ካርዱ ስልኩ ውስጥ አልገባ ያለው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱም ከጨርቅ ክምሩ ቀና ብሎ ዙሪያዋን ይከረክምና «በል ደውል» ይላል። አንድም ቀን አበላሽቶ አያውቅም። ጉድ የሠራን ይኸው ነው።

እህቴ ስትሞት ድምፅዋ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ፎቶ አንሺው አዲስ ካሜራ ሲሞክር፣ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ባሏን ስትነተርከው ቀርጿት ነበር። የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ለባሏ ሰጠው። ካርዱ ትልቅ ስለሆነ ስልኩ አይቀበለውም። ስለዚህ በናፈቀችው ቁጥር በካሜራው ሊሰማት ካርዱን ይዞ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ ደንበኛ እስኪወጣ ደጅ ይጠናል። ፎቶ አንሺው፣ ኮምፒውተሬ ቤት ነው፣ አሳድሬ ስልክህ ላይ ልገልብጥልህ ቢለው፣ እሷን ሰው ቤት አላሳድርም ብሎ እምቢ አለ። ሞኝነት ነው። እኔም ብሆን አላሳድራትም ነበር።

አንድ ከሰዓት ሱቁ ስገባ ካርዱ ላይ በልብስ ጠመኔ አስምሮበት አገኘሁት። ሰው ጠይቅ፣ ይሄ ሲም አይደለም ብዬ ብነግረው አልሰማ አለ።

«ዋናው ብረቷን አለመንካት ነው» አለና ቆረጠው። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ልክክ ብሎ ገባ።

ስልኩ ምንም አላነበበም። አውጥቶ እፍ አለበት፣ መልሶ ከተተው። በመጨረሻ ፎቶ አንሺው ቁርጥራጩን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣ እሷን የያዘው ክፍል ራሱ እንደተቆረጠ ቀስ ብሎ ነገረን።

አኮረፍኩት። ለእሱ ሚስቱ ብትሆን ለእኔም እህቴ ናት። ምሳውን ግን ማን ይወስድለታል? ሳህኑን አስቀምጬለት ፊቱን ሳላይ እወጣለሁ።

አንድ ቀን በር ላይ ስደርስ ጠራኝ። የእኔና የእሷ ድምፅ ይመሳሰላል፤ ስልክ ሳነሳ እናታችን እንኳ ትሳሳት ነበር።

«እስኪ እንደ እሷ ጥሪኝ» አለ።

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ በይኝ።»

አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«እሷ ትቆጣ ነበር።»

ተቆጣሁ። ከምሳው ጀምሬ የካርዱን፣ የግትርነቱን፣ ያመቅኩትን ሁሉ ዘረገፍኩበት። መርፌውን እንደያዘ፣ አንገቱን ደፍቶ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ድገሚልኝ» አለ።