ውሻችን መቻል ምን ትበላ ነበር?

ልጅ እያለሁ ከሁሉ የማፍረው በውሻችን በመቻል ነበር። ቤታችን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ግቢያችን ከእንግዳና ከቆሎ ተማሪ ተለይቶ አያውቅም። መቻል ታዲያ ሰው መሰብሰቡን ጠብቃ ይመስል፣ ከጓሮ ዐይነ ምድር በልታ አፏን እየላሰች ከች ትላለች። ሽታው ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። እንግዶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሲሸፍኑ እኔ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

አሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም፣ ይህ ልማዷ ባሰባት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና የሚድኸውን ታናሽ ወንድሜን ፊቱን ስትልሰው አገኘኋት። ያ አፍ የት እንደዋለ አውቃለሁ። ዱላ አንስቼ እስክትጮህ ደበደብኳት። ከእንግዲህ ስታየኝ ትተዋለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ብቅ ስል ሳልደርስባት ለመጨረስ እየተጣደፈች ትውጠው ጀመር።

እማዬ አንገፈገፋት። «መሪጌታ፣ ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልጄን አዝዬ ልውጣ» አለች። አባባም ፍላቂት ለሚኖር ዘመዳቸው ሊሰጧት ተስማሙ። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ሊወስዳት ተቀጠረ።

ዓርብ ዕለት የእንስሳት ሐኪሙ የታመመች ላማችንን ሊያይ መጣ። ላሟን መርፌ ወግቶ ሲጨርስ አጥሩ ሥር የታሰረችውን መቻልን አያት። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ የጎድን አጥንቷን ዳሰሰ፣ ድዷን ገልጦ አየ። እማዬ ከሩቅ ሆና ጉዷን ነገረችው።

«ምንድን ነው የምትበላው?» አለ።

«ነገርኩህ እኮ፣ ቆሻሻ!»

«እሱንስ ሰማሁ። እናንተ የምትሰጧትን ነው የጠየቅሁት።»

እማዬ እኔን አየችኝ። እኔ አባባን አየሁ። እኔ እማዬ የምታበላት ይመስለኝ ነበር፤ እማዬ እኔ የማበላት ይመስላት ነበር፤ አባባ ደግሞ ተማሪዎቻቸው ለምነው ካመጡት ቁራሽ የሚጥሉላት ይመስላቸው ነበር። ተማሪዎቹ ራሳቸው መቼ ጠግበው! ጾም ከገባ ወዲህ ደግሞ በቤታችን አጥንት የሚባል ነገር አልነበረም።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «ጠግቦም በልማድ የሚበላ ውሻ አለ፤ የእሷ ግን ረኃብና የሆድ ትል ይመስለኛል» አለ።

አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ መቻል ቀረቡ። «እኛስ ፈቅደን ነው የምንጾመው፤ እሷን ማን ጠየቃት?» አሉ። በማግሥቱ ዘመዳቸው ሲመጣ እንደማይሰጧት ነገሩት።

ማብላቱ ለእኔ ተሰጠ። የትሉን ክኒን በሽሮ ፍትፍት ውስጥ ደብቄ አስዋጥኳት። ጠዋትና ማታ ሰዓት ጠብቄ አበላት ጀመር። ጓሮውን ደግሞ አባባ ራሳቸው በአካፋ እየጠረጉ አፈር ያለብሱት ነበር፤ ጎረቤት መሪጌታን አካፋ ይዘው ሲያይ ጉድ አለ። ሐኪሙ ዱላውን እንድተው፣ ወደ ቆሻሻው ስታመራ ጠርቼ ዳቦ እንድሰጣት መክሮኝ ስለነበር «መቻል! መቻል!» ስል እውላለሁ። ለሳምንታት አልሰማችኝም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ግን፣ ጓሮ ገብታ ካሸተተች በኋላ ስጠራት ዘወር አለችና ወደ እኔ መጣች። አለቀስኩ።

ጨርሳ አልተወችውም፤ አልፎ አልፎ ታመልጠኝ ነበር። የሚቆጨኝ ግን እሱ አይደለም። ዳቦ ስዘረጋላት ዳቦውን ትታ መጀመሪያ ሌላኛውን እጄን ታየዋለች። ባዶ መሆኑን ስታረጋግጥ ነው የምትቀርበኝ። እስክትሞት ድረስ እንደዚያው ነበረች።

ዛሬ እኔም እናት ሆኛለሁ። አሁን ለክትባቱም ለትሉም ስልክ መደወል በቂ ነው፤ ሐኪሙ በሞተር ብስክሌት ከተፍ ይላል። ማታ ከሥራ ስገባ ልጄ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቡችላዋን ስታበላው አገኛታለሁ። ከመዳፏ ላይ ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚበላው። ሳልጠራቸው በሩ ላይ እቆማለሁ። በገዛ ልጄ እቀናለሁ።