እመት ቁልፍና ባለነጭ ዘርፏ ተክል

በስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እመት ቁልፍ» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በኋለኛው መስኮት ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክልና የቁልፍ ቀዳዳ ስትሰፋ ኖራለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ሐሳቧ ግን የት እንደሚውል አይታወቅም። የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሼ ለደንበኛ ሲያስተዋውቋት «ይቺ ስትሠራ መርፌው ይነቃል፣ እሷ ትተኛለች» ይላሉ። እሷም ቀና ሳትል «ሁለታችንም ከነቃን ማን ያርፋል፣ ጋሼ?» ትላቸዋለች።

ከእናቷ በቀሩ ሁለት ጎን ለጎን ክፍሎች በአንደኛው ትኖራለች። በሌላኛው ታናሽ ወንድሟ አለ፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ግቢያቸው አንድ ነው፤ ጠጠር የሞላበት፣ ከመንገዱ በሽቦ አጥር የተለየ፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ የማይለቀው ጠባብ ቦታ። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ሣር እንኳ እዚያ ቦታ ተስፋ ቆርጧል።

እህትና ወንድም አይነጋገሩም ነበር። እናታቸው ስትሞት እሱ መንገድ ላይ ነበር፤ የደረሰው ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ነው። እሷ በሩ ላይ ቆማ «ለመኪናህ ቢሆን ኖሮ ትደርስ ነበር» አለችው። እሱ ቦርሳውን አንስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት፣ በመካከላቸው «ውሃ መጣ» እና «በሩን ዝጋው» ከሚሉት በስተቀር ንግግር አልነበረም።

አንድ ቀን፣ በብርዱ ወራት፣ ጡረታ የወጡ የዕፅዋት መምህርት ቁልፉ የወለቀ ካፖርት አመጡ። እመት ቁልፍ ኪሱን ስትፈትሽ የተጣጠፈ ወረቀት አገኘች፤ ውስጡ ግራጫ፣ ሸካራ፣ ድቡልቡል ፍሬዎች አሉ። መምህርቷ ካፖርታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ወረቀቱን አቀበለቻቸው።

«ይሄ ከኪስዎ ነው የወጣው። ቁንዶ በርበሬ መስሎኝ ልቀምሰው ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

«እንኳን አልቀመስሽው!» አሉ መምህርቷ ሳቅ እያሉ። «ዘር ነው፤ የቁልቋል ዘመድ ናት። እሾህ ግን የላትም፣ ዕድሜዋም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ትበቅላለች፣ ታብባለች፣ ዘሯን ትበትንና ትሞታለች።»

«ለአንድ ዓመት ብላ ይሄን ሁሉ ምን አለፋት?»

ጥያቄው መምህርቷን ደስ አሰኛቸው። ተማሪ ከናፈቃቸው ቆይቷል፤ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። «ድርቅ አትፈራም። ድንጋያማ፣ የተጠላ መሬት ይበቃታል። ግን ችግኝ አፍልቼ ቦታ እቀይርላታለሁ እንዳትዪ። አንድ ረጅም ሥር ቁልቁል ትሰዳለች፤ እሱ ከተነካ ታኮርፋለች። እዚያው በምትቆይበት ቦታ፣ ብርዱ ሳያልቅ ዝሪያት፤ ዘሯ ብርድ ካልቀመሰ በደንብ አይነቃም። በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ተዪ። ውሃ አታብዢ። ስትቆርጫት የሚወጣውን ወተት ደግሞ ተጠንቀቂ።»

እመት ቁልፍ ሁሉንም ሰማች፤ የመጨረሻዋን ቃል ግን በሩቁ ነው የሰማችው። ልቧ ቀድሞ ጠጠሩ ግቢ ገብቶ ነበር።

ዘራችው። ብርዱ ሲለቅ ሁለት ሁለት ቅጠል ይዘው ብቅ አሉ። ካደጉ በኋላም ግራጫ የተቀባ የሚመስል ተራ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነበራቸው፤ ለሰው ዓይን አረም ናቸው። ወንድሟ አንድ ቀን ከመንገድ ገብቶ ሊነቅላቸው ጎንበስ ሲል «ተው!» አለችው። ደነገጠ። አራት ዓመት ሙሉ ከለመዳቸው ቃላት ውጭ የሆነች ቃል ናት። እጁን ሰበሰበ።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። የሰፈሩ አትክልት ሁሉ ጠወለገ፤ በየደጁ ያለው የአበባ ጣሳ ቡናማ ሆነ። ያን ጊዜ ነው እነዚያ ወገብ የደረሱ ተክሎች ነገር የጀመሩት። የላይኛው ቅጠላቸው ጠርዝ ነጣ። መጀመሪያ እንደ ክር ቀጠነ፣ ሰንበት ብሎ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ሰፋ፣ በመጨረሻ ቅጠሉ ሁሉ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ብቻ ቀረው። እመት ቁልፍ «ባለዘርፏ» አለቻት። ከሥራ ስትመለስ በርጩማ አውጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች። ነፋስ ሲመጣ ነጩ ሁሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ እሷም ከተቀመጠችበት ሳትነሳ በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ቀስ ብላ የምትራመድ ይመስላታል፤ የእግሯ ድምፅ የማይሰማበት፣ ሰው የማይጠራት አገር።

መንገደኞች አጥሩ ላይ ቆመው «እንዴት ያለ አበባ ነው!» ይሏታል።

«አበባው እኮ እሱ አይደለም፤ ቅጠል ነው» ትላለች። «አበባዋ መሃል ላይ ያለችው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የማታክለው ናት። ዓይን አፋር ስለሆነች ቅጠሎቹ ናቸው ሰው የሚጠሩላት።»

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ለመምህርቷ ልትወስድ አንድ እቅፍ ቆረጠች። ከተቆረጠው ግንድ ወተት ፈሰሰ፣ በጣቶቿ ላይ ወረደ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ላቧን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ወዲያው ቀኝ ዓይኗ ውስጥ እሳት ገባ። ልትገላገለው ስታሸው ግራውም ተያዘ። ጮኸች።

ወንድሟ በካናቴራ ወጣ። ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት፤ ለመኪናው ብሎ ያስቀመጠውን ውሃ በጀሪካን አምጥቶ እየደጋገመ ዓይኗ ላይ አፈሰሰ። «ክፈቺ፣ እትዬ፣ ክፈቺ። ትንሽ ብቻ» ይላታል። ጀሪካኑ ሲያልቅ ሌላ አመጣ። ከዚያ እንዳለች አንስቶ መኪናው ላይ ጫናትና ወደ ዓይን ክሊኒክ ነዳ።

ሐኪሟ አይታ «የዓይንሽ ላይኛው ሽፋን ተልጧል» አለቻት። «ያጠበሽ ሰው ነው ያተረፈሽ። መድኃኒቱን በሰዓቱ፤ እኔ ጋ ለሚቀጥሉት ቀናት ትመላለሻለሽ። እስከዚያ ሁለቱንም ሸፍነሽ ታርፊያለሽ።»

ያ ሳምንት በሕይወቷ ውስጥ እንደሌላው ሳምንት አይደለም። መስኮቱ አጠገብ ተኝታ ቀኑን በጆሮዋ ነበር የምታየው። እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋታል፣ ይተዋታል፤ ሁለቱንም መለየት አቃታት። ወንድሟ ጉዞውን ለባልደረባ ሰጥቶ ቤት ቀረ፤ መድኃኒት ያንጠባጥብላታል፣ ሾርባ ያጎርሳታል። ጨው አብዝቶበታል፤ ጨረሰችው።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከውጭ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ቆይቶ ደግሞ ሌላ። ከዚያ ጠጠር እንደሚወድቅ ቆርቆሮው ላይ ቀጭን ኳኳታ።

«ማነው የሚወረውረው?»

ወንድሟ ሊያይ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ግንባሩን እያሻሸ ተመለሰ። «እትዬ፣ ተክልሽ ተኮሰችብኝ!»

«ምን?»

«ቀድሞ ያፈራው ደርቋል። ሦስት ክፍል ያለው ትንሽ ፍሬ ነው። ፀሐይ ሲበረታበት ፈንድቶ ዘሩን ይወረውራል፤ አንዱ እዚህ መታኝ፣ ሌላው ጣሪያው ላይ ወጣ። ያንቺ ናት፤ ገና ስታየኝ ጠላችኝ።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከውጭ «ጧ! ጧ!» ይላል።

«መልእክቱ የደረሰኝ የዚያን ለት ጠዋት ነው» አለ ድንገት። ስለምን እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለጋትም። «ጭነቱን ሳላራግፍ ዞርኩ። ሜዳው መሃል የኋላው አክሰል ተሰበረ። ስልክ አይሠራም። መኪናውን ጥዬ በእግሬ ሄድኩ፤ እግሬ እስኪላጥ። አንድ መኪና አላለፈም። ቀብሩ አሁን ነው ባልኩበት ሰዓት ጫማዬን አውልቄ እዚያው ቆምኩ። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላወቅኩም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በሩ ላይ የተናገርሽው አፌን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቀኑ እየከበደኝ ሄደ።»

እጇን ዘረጋች፤ አየሩን ዳበሰች፤ ራሱን አገኘችው። ፀጉሩ መሳሳቱን ያን ቀን በጣቷ አወቀች። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለች። ቀጥላም «በል አታስለቅሰኝ፤ ሐኪሟ ከልክላለች» አለችው።

ዓይኗ ዳነ። ብርቱ ብርሃን ሲሆን ብቻ ቀኙ ያለቅሳል፤ ስትሰፋ ባለጥላ ባርኔጣ ታደርጋለች፣ ጋሼም ባርኔጣው ደንበኛ ያበዛል ብለው ይሟገታሉ። መምህርቷ ሊጠይቋት መጥተው በጸጸት መቀመጥ አቃታቸው። «እኔ ነኝ በደንብ ያላስጠነቀቅኩሽ።» «ነግረውኛል እኮ፤ እኔ ነኝ ያልነበርኩት» አለቻቸው።

ወንድሟ ተክሎቹን ነቅሎ መጣል ፈልጎ ነበር፤ አልፈቀደችም። ጓንት ገዛች። ስትቆርጥም የግንዱን ጫፍ በእሳት ለብለብ ማድረግ ተማረች፤ ወተቱ እዚያው ይቆማል። በዓመቱ የተበተነው ዘር ሁሉ ራሱ በቀለ፤ በጠጠሩ መሃል፣ በበሩ ደፍ ስንጥቅ፣ ቧንቧው ሥር። ዘር ለሚጠይቃት ትሰጣለች፤ የወተቱን ነገር ሁለት ጊዜ ካልደገሙላት ግን ወረቀቱን አትለቅም።

በዚያው ዓመት ወንድሟ «አንድ ቀን እንኳ መንገድ አብረሽኝ ውጪ፤ አገር እዪ» አላት። ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ትልቅ ሴት እንደሚገባት ቀጥ ብላ ጋቢና ውስጥ ተቀመጠች። ከተማው ሳያልቅ እንቅልፍ ጣላት። ተራራው፣ ድልድዩ፣ ሐይቁ አለፈ፤ እሱ እየቀሰቀሰ «ተመልከች!» ይላታል፣ እሷ «አየሁት» ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ሲደርሱ ነቅታ «ደስ የሚል መንገድ ነው» አለችው፤ እሱም አልተከራከራትም።